በጅማ የአዲስ ሠራተኞች አቀባበልና ትውውቅ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል፣ በመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ በዙሪያዋም በርካታ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ስላሏት ሠራተኛ ከልዩ ልዩ አካባቢ ይመጣባታል። አዲስ ሠራተኛን ተቀብሎ ከሥራው፣ ከባልደረቦቹና ከአካባቢው ጋር ማስተዋወቅ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍልና የቅርብ ኃላፊው የጋራ ሥራ ነው።

የግል ድርጅቶችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲገለጽና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በሙከራ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ስለሚችል፣ ጉድለቱ ሊታረም በሚችልበት ጊዜ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ሳምንታት ሙሉ ዝም ተብሎ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ብቻ የሚሰጥ አስተያየት ሠራተኛውን ይበድላል።

የትውውቁ ይዘት እንደ ሥራው ይለያያል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ ሲሆን፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ይታወቃል፤ ሌላ ቦታ ተምሮ የመጣ መምህርም ተማሪዎች ወደ ኅብረተሰቡ ወርደው የሚሠሩበትን አካሄድ ከነባር መምህራን ጋር ወጥቶ ቢያይ ይበልጥ ይገባዋል። በሆስፒታል አዲስ ነርስ ብቻዋን ተረኛ ከመሆኗ በፊት የድንገተኛ መድኃኒቶች የት እንደሚቀመጡ፣ የፈረቃ ርክክብ እንዴት እንደሚመዘገብና ሐኪም መቼ እንደሚጠራ ማወቅ አለባት።

በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ደግሞ ዋናው ትምህርት በእጅ የሚገኝ ነው። ነባሩ ሠራተኛ የተላጠው ቡና የሚያሟልጭ ልጋጉ እንዲለቅ ከሚዘፈዘፍበት ገንዳ ጥቂት ፍሬ አውጥቶ በውኃ እያጠበ ያሻል፤ ፍሬው ካንሸራተተ ልጋጉ ገና አልለቀቀም፣ እንደ ጠጠር ሲሻክር ግን ለመታጠብ ደርሷል። የአየሩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ጊዜውን ስለሚለዋውጠው በሰዓት ብቻ መመራት አይቻልም። አዲሱ ሠራተኛ ከጎኑ ቆሞ ደጋግሞ ካልዳሰሰ በቀር ይህን ልዩነት በስብሰባ አዳራሽ ሊማረው አይችልም።

ከሥራው ውጭ ያለው ድጋፍ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሲሆን፣ ከባዱም እርሱ ነው። ጅማ የምትገኝበት የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ ቋንቋውን የማይችል ሠራተኛ ባለጉዳይን ለማስተናገድ የሚረዳው ባልደረባ ያስፈልገዋል፤ ለዕለት ሥራው የሚሆኑ አነጋገሮችን ከመጀመሪያው ሳምንት ቢማር ደግሞ ይመረጣል። የሚከራይ ቤት በማፈላለግም የከተማውን ሰፈሮች የሚያውቅ ባልደረባ ብዙ ያግዛል። ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚረከብ ሠራተኛ በተለምዶ ዋስ ይጠየቃል፤ በጅማ ዘመድም ወዳጅም የሌለው ሰው ግን በቶሎ ዋስ ላያገኝ ይችላል። ቀጣሪው ይህን መስፈርት ሠራተኛው ከአገሩ ሳይነሳ ቢያሳውቀውና ሌላ ከተማ ከሚኖር ሰው የሚመጣን የዋስትና ደብዳቤ የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ ቢገልጽለት፣ ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር ከመጉላላት ይድናል።