እህታችሁ ከከተማ ወጥታ «ቀለል ያለ ሰርግ» ልትሰርግ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ጥር ታናሽ እህቴ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ተሞሸረች። እንግዳው አርባ ሰው ብቻ ነበር። አዳራሽ የለ፣ የመኪና አጀብ የለ። «ቀለል ያለ ነው» ስትለን እኔም ቀለል አድርጌ ያዝኩት። ተሳስቼ ነበር።

«ትንሽ ሰርግ ስለሆነ የእህት የወንድም ሥራ የለም»

በትልቅ ሰርግ ሥራው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ጎረቤት ሽንኩርት ይከትፋል፣ የአክስት ልጅ እንግዳ ይቀበላል። አርባ ሰው ውስጥ ግን ያ ሁሉ እናንተ ላይ ይወድቃል። ሪዞርቱ ምግቡን ያዘጋጃል፤ የእናታችሁን ሆድ ግን እናንተ ናችሁ የምታውቁት።

እማዬ ሌሊት ተነስታ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ኮባው ሳይገለጥ በነጠላ ጠቅልላ፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ጭኗ ላይ አድርጋው ሄደች። «ከኋላ እንጫነው» ብንላት እምቢ አለች። ስንደርስ በር ላይ «ከውጭ ምግብ ማስገባት አይቻልም» ተባልን። የእማዬ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ለመንኩ፣ አስረዳሁ። ዳቦው ገባ፤ አጎታችን ባርከው ቆረሱት። እናንተ ግን ከሳምንት በፊት ደውላችሁ ጨርሱት።

«ሐይቅ ዳር ቀለበት ካሰሩ ተጋቡ»

ቀለበት ማሰር ብቻውን በሕግ ጋብቻ አይሆንም። ሕጉ የሚያውቀው በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ በሚመዘግበው የመንግሥት ሠራተኛ) ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋቡት ከሁለቱ አንዳቸው ወይም የቅርብ ዘመዳቸው ቢያንስ ስድስት ወር በኖረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ወረዳ ፈርመው ነው ወደ ሐይቁ የሚወርዱት። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። አንዱ እናንተ መሆናችሁ አይቀርም፤ መታወቂያችሁ ጊዜው እንዳላለፈ ዛሬውኑ እዩት።

«እንደፈለጋችሁ ልበሱ» ማለት እንደፈለጋችሁ ማለት ነው

ሙሽራዋን ጠይቁ። ታኮ ጫማ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። ቀን ሙቀት ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ጋቢ ያስፈልጋል።

«ውሃው ቡናማ ስለሆነ ቆሽሿል፤ ቢልሃርዝያም አለው»

ቀለሙ ውሃው ውስጥ ከሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር የመጣ ነው። ላንጋኖ ደግሞ ቢልሃርዝያ የሌለበት ሐይቅ በመሆኑ ነው የሚታወቀው። ልጆቹ ይዋኙ፤ ብቻ ሰው አጠገባቸው ይሁን። ይልቅ የምታስቡት ወባን ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናችሁና ማታ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ፣ አጎበር መኖሩንም ጠይቁ።

«ቤተሰብ ስለሆንኩ የመኝታዬን ሙሽሮቹ ይከፍላሉ»

አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ አይችልም። በጊዜ ጠይቁ። ገንዘብ ካጠራችሁም ቶሎ ንገሯቸው። በመጨረሻው ሳምንት ከመቅረት አንድ ክፍል ለሦስት መተኛት ይሻላል።

«ያልተጠራ ዘመድ መቀየሙ አይቀርም፤ ምን ይደረጋል?»

ብዙ ይደረጋል። ዘመድን ከምንም በላይ የሚያስከፋው ወሬውን ከፌስቡክ ፎቶ ላይ ማግኘቱ ነው። እህቴ ለአክስታችን በስልክ ልትነግራት ነበር፤ እኔ እምቢ አልኩ። ከሰርጉ ሦስት ሳምንት በፊት አብረን ቤቷ ሄድን። አክስታችን ቡና እያፈላች ዝም ብላ ሰማችን። ጀበናውን አስቀመጠችና «መልሱስ የት ነው?» አለች። እህቴ ስለ መልስ ጨርሶ አላሰበችም ነበር። እኔ ቀደም ብዬ «እማዬ ቤት ነው» አልኩ።

ከላንጋኖ በተመለስን በሳምንቱ እማዬ ግቢ ውስጥ ትንሽ ድንኳን ተተከለ። የዶሮ ወጡን የሠራችው አክስታችን ናት። ማንንም ድስቱ ጋ አላስጠጋችም።