ኢትዮጵያ ወይስ ኢትዮጵያን? ስለ ፕሮፐር አጀክቲቭ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ሲቪ በሚተየብባቸው ፎቶ ኮፒ ቤቶችም ሆነ ሐይቁ ዳር በሚገኙ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ የሚበዛው የእንግሊዝኛ ስህተት ከተጸውዖ ስም የሚወጣው ቅጽል፣ ማለትም ፕሮፐር አጀክቲቭ (ለምሳሌ ከ«ኢትዮጵያ» የሚወጣው «ኢትዮጵያን») ላይ ነው። አብዛኛው ስህተት የአማርኛ ልማዳችንን ይዘን ስንሄድ የሚመጣ ነው።

«ቅጽል ስለሆነ በስሞል ሌተር ይጻፋል።» አይጻፍም። ስሙ በካፒታል ከጀመረ ከእሱ የወጣው ቅጽልም በካፒታል ይጀምራል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ዓይናችን ልዩነቱን ቶሎ አይዝም። «ኢትዮጵያን ኮፊ» ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ካፒታል የሚሆነው የ«ኢትዮጵያን» መነሻ ብቻ ነው፤ «ኮፊ» በስሞል ይቀራል። «ያልሆነ» ለማለት የእንግሊዝኛው «ነን» ከፊት ሲጨመርም እሱ በስሞል ሆኖ በሰረዝ ይያያዛል፣ የ«ኢትዮጵያን» ካፒታል ግን አይነካም። ኮምፒውተሩ ከሥር ቀይ መስመር ሲያሰምር ብዙ ሰው ስፔሊንጉን ይቀያይራል፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ግን ያው ካፒታሉ ነው።

«የአገሩን ስም ማስቀደም ይበቃል።» እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አማርኛ «የ» ጨምሮ «የኬንያ ሯጭ» ይላል፤ እንግሊዝኛው ግን «ኬንያን ራነር» ነው። ሲቪ ላይ «ናሽናሊቲ» በሚለው ፊት የሚሞላውም «ኢትዮጵያን» እንጂ «ኢትዮጵያ» አይደለም። መድረሻው አንድ ወጥ አይደለም፦ ኬንያን፣ ቻይኒዝ፣ ተርኪሽ፣ ሶማሊ። «ፍሬንች»ን እና ከኔዘርላንድስ የሚመጣውን «ደች»ን ደግሞ ከመሸምደድ ሌላ መንገድ የለም። ይህ ማለት ግን ለሁሉም ስም ቅጥያ ይፈለጋል ማለት አይደለም። «ሐዋሳ ፊሽ» እና «ሲዳማ ኮፊ» ስሙ ሳይለወጥ ቅጽል ሆኖ የሚያገለግልባቸው ናቸው፤ «ሐዋሳን» ብሎ መፍጠር አያስፈልግም። የድርጅት ስም ደግሞ እንደተመዘገበው ይጻፋል፦ የእኛው አየር መንገድ «ኢትዮጵያን ኤርላይንስ» ሲሆን የጎረቤታችን «ኬንያ ኤርዌይስ» ነው።

«በቫወል (በአናባቢ) ከጀመረ ሁሌም «ኤ» ሳይሆን «አን» ይቀድመዋል።» የሚወስነው ፊደሉ ሳይሆን ድምፁ ነው። «ዩሮፒያን» በእንግሊዝኛ የሚጀምረው በዚያው በ«ኢትዮጵያን» መነሻ ፊደል ቢሆንም የሚቀድመው «ኤ» ነው፤ «ዩጋንዳን»ም እንዲሁ። ቃሉን በአማርኛ ፊደል ጻፉት፦ በ«የ» ዘር ከጀመረ «ኤ»፣ በ«አ» ዘር ከጀመረ «አን»። ለአገር ቅጽሎች ይህ ዘዴ ደህና አድርጎ ይሠራል።

«ስሙ ሲበዛ ቅጽሉም ይበዛል።» «ትልልቅ ቤቶች» ማለት ስለለመድን ነው። ትክክሉ «ኢትዮጵያን ፋርመርስ» ነው፤ «ኢትዮጵያንስ» የሚባለው ብቻውን ስም ሆኖ ሰዎቹን ሲጠራ ነው። «ቻይኒዝ» ሰዎችን ሲጠራም ኤስ አይጨመርበትም።

«ቅጽሎች ሲደራረቡ የትም ቢገባ ችግር የለውም።» ቦታ አለው፦ ከቀለም በኋላ፣ ከተሠራበት ነገር በፊት። ጀበናን ለቱሪስት የሚገልጽ ሰው «ኤ ቢውቲፉል ኦልድ ብላክ ኢትዮጵያን ክሌይ ፖት» ይላል።

«ከሰው ወይም ከአገር ስም የመጣ ሁሉ ካፒታል ነው።» ሁሉም አይደለም። «ፓስቸራይዝድ ሚልክ» ከፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ስም ቢመጣም አጠቃቀሙ ተራ ቃል ስለሆነ በስሞል ይጻፋል። የድንች ጥብሱን «ፍሬንች ፍራይስ» ግን አንዳንዱ በካፒታል፣ ሌላው በስሞል ይጽፈዋል፤ ሁለቱም ያስኬዳል። ሜኑ የምታዘጋጁ ከሆነ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ገጽ እሱኑ ያዙ።