የአዲስ አበባ ነዋሪ ወጪ ስለ ከተማዋ የሚናገረው

የአዲስ አበባ ቤተሰብ ገቢው በዋናነት የሚሄደው ለምግብ፣ ለቤት እና ለትራንስፖርት ነው። ከዚህ የተረፈው ሲታይ ደግሞ ትልቁ ክፍል የሚውለው ከተማዋ ማቅረብ ያቃታትን አገልግሎት ነዋሪው በራሱ ኪስ ለመተካት ነው። ስለዚህ የአንድን ሰፈር ወርኃዊ ወጪ በጥንቃቄ የመረመረ ሰው ቧንቧው፣ ትምህርት ቤቱ እና የአውቶቡስ መስመሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ሰፈሩን ሳይረግጥ ሊገምት ይችላል።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል በ1857 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ቤተሰብ ደሃ በሆነ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ ከፍ ይላል። በኢትዮጵያ ይህን የሚለካው የቤተሰብ ፍጆታ ወጪ ጥናት በ1988 ዓ.ም. ተጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ሲካሄድ ቆይቷል፤ አገር አቀፉ የዋጋ ግሽበት ስሌትም ከግማሽ በላይ ክብደት የሚሰጠው ለምግብ ነው። አማካይ ቁጥሩ ግን ስለ አዲስ አበባ የሚነግረን ጥቂት ነው። እዚህ ይበልጥ የሚናገረው ሰው በአንድ ጊዜ የሚገዛው መጠን ነው።

ማታ ከሥራ መውጫ ላይ ጉሊት የሚገዛውን ሰው ልብ ይሏል። ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ፣ ዘይት በትንሽ መለኪያ፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ከሰል በጣሳ። የሚገዛው ለዛሬ እራት ብቻ ነው፤ ገቢውም የዛሬ ብቻ ነውና። ከሰሉን በማዳበሪያ፣ ዘይቱን በጀሪካን ከሚገዛው ጎረቤቱ ጋር ሲተያይ ለተመሳሳይ መጠን የሚከፍለው ዋጋ ይበልጣል። ድህነት ሸቀጥን በችርቻሮ ያስገዛል፣ ችርቻሮ ደግሞ ያስወድዳል። ይህ የከተማችን ትልቁ ያልተነገረ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የእሁድ ገበያዎች የተቋቋሙት ይህን ጫና ለማቃለል ነበር፤ ሆኖም እዚያም ቢሆን በአንድ ጊዜ በርከት አድርጎ መግዛት የሚችለው ይበልጥ ይጠቀማል።

ጤፍ ሌላው መለኪያ ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ በኩንታል ገዝቶ፣ አስለቅሞ፣ ወፍጮ ቤት ያስፈጫል። አቅሙ የቀነሰው ሩዝ ወይም ማሽላ እየቀላቀለ ያስፈጫል። እንጀራ ከሱቅ የሚገዛው ሦስተኛ ወገን ድሮ ላጤው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩበት፣ ቤቱም የጠበበበት ቤተሰብ ተጨምሮበታል። በኮንዶሚኒየም መንደሮች ለእንጀራ መጋገሪያና ለበግ ማረጃ የጋራ ሕንፃዎች መሠራታቸው የቤቱ ስፋት ከአኗኗሩ ጋር እንዳልተስማማ ንድፉን ያወጡት ሰዎችም አውቀውት እንደነበር ያሳያል።

ወጪው እንደ ወሩም ይለያያል። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ገንዘቡ ወደ ሽሮ፣ ዘይትና አትክልት ይዞራል። ፋሲካ ሲደርስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይወጣል። ለዚህም ነው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችና ጎረቤቶች ወራት ቀድመው እያዋጡ በሬ የሚገዙት፤ ቅርጫ ከደመወዝ ለበዓል የሚቆጠብበት አሠራር ነው። ለሙስሊሙ ነዋሪ ደግሞ አረፋ በጉን፣ ረመዳን ቴምሩንና ሳምቡሳውን ያስወድዳል። ከሁሉ የሚከብደው ግን መስከረም ነው። የአዲስ ዓመት ድግስ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በአንድ ላይ ይመጣሉ። መዋለ ሕፃናት ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በግል ባለሀብት እጅ ስለነበር፣ ከተማው ውስጥ ልጅ ማሳደግ ገና ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ክፍያ አለው። በየክረምቱ ወላጆችና የግል ትምህርት ቤቶች በክፍያ ጭማሪ ላይ የሚያደርጉት ክርክር የዚህ ውጤት ነው።

በቤት ወጪ ላይ የከተማዋ ታሪክ ከሌላው ሁሉ በግልጽ ይነበባል። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ከዚያ ወዲህ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ስለቆየ፣ በአንድ ግቢ አጥር የሚለያዩ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ከወር ገቢው ጥቂቱን፣ ሌላው ግማሹን ለኪራይ ሊከፍል ይችላል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር፣ በ2005 ደግሞ የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 መርሐ ግብሮች (የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነው የቤቱ ዋጋ መቶኛ ነው) ምዝገባ ሲካሄድ አዲስ ዓይነት ወጪ ተፈጠረ፦ ተከራይ ሆኖ እየከፈሉ፣ ላልደረሰ ቤት ደግሞ በየወሩ መቆጠብ። ዕጣ ሳይወጣላቸው ለዓመታት ሁለቱንም የከፈሉ ቤተሰቦች ስንት እራት እንደቆጠቡ የሚመዘግብ ጥናት የለም። የኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና አከራይ በፈለገው ጊዜ ዋጋ እንዳይጨምር የደነገገው ይህ ጫና ገንፍሎ ከወጣ በኋላ ነው።

ቤት የደረሰውም ቢሆን ወጪው አልቀነሰም፤ ከኪራይ ወደ ታክሲ ዞረ እንጂ። የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ሁሉም ከመሀል ከተማ ሩቅ ናቸው። መርካቶ የሚሠራ ሰው ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይሮ ነው የሚደርሰው። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሁለት መስመሮቹ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሸፍንም እነዚህ መንደሮች ድረስ አይዘልቅም። በ2016 በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ ወደ ዳር የሄዱ ቤተሰቦችም የተሻለ ግድግዳ አግኝተው፣ በእግር ይደርሱበት የነበረውን ሥራ፣ ገበያና ደንበኛ አጥተዋል።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሮቶ፣ በኮንዶሚኒየም በረንዳ የተደረደረው ቢጫ ጀሪካን፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ውኃ ለሚያወጣው ወጣት የሚከፈለው ገንዘብ፣ ሁሉም ከመደበኛው የውኃ ሒሳብ በላይ የሚወጣ ነው። ለጄኔሬተርና ለጥበቃ የሚከፈለውም እንደዚሁ።

ዕቁብና ዕድር በወጪ መዝገብ ላይ ፍጆታ ሊመስሉ ይችላሉ። ዕቁብ ግን ባንክ በዋስትና እጦት የመለሰውን ነጋዴ ያቆመ ብድር ነው፤ ዕድርም ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ ለቅሶ ቤት የሚደርስ መድን ነው። ደሃ ቤተሰብ ሌላውን ወጪ ሲቀንስ የዕድር መዋጮውን የሚያቋርጠው በመጨረሻ ነው።

በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የነዋሪው ወጪ በከፊል በየቀኑ በኮምፒውተር ይመዘገባል፤ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው። መረጃው ለከተማ ዕቅድ ብዙ ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም ነዳጅ የሚቀዳው ባለመኪና እያንዳንዱ ሊትር ሲቆጠርለት፣ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለው የታክሲ ሒሳብና የጉሊት መደብ ከመዝገቡ ውጪ ይቀራሉ። ዕቅድ አውጪው በዚህ መዝገብ ብቻ ከተመራ አውቶቡስ የሚያስፈልገውን ሰው አያገኘውም፤ ለእርሱ አሁንም ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።