ኦሲዲ በፊልምና በቴሌቪዥን

ኦሲዲ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ ሳይጠሩት እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ነው። ሌላው ያንን ጭንቀት ለማብረድ ሲባል የሚደጋገም ድርጊት ነው፤ መታጠብ፣ መቁጠር፣ በሩ መቆለፉን አሥር ጊዜ ማረጋገጥ። ፊልም ሠሪዎች ሙጭጭ ያሉት ሁለተኛው ላይ ነው። አይፈረድባቸውም። የሚታጠብ እጅ ይቀረጻል፣ ሐሳብ ግን አይቀረጽም። ጽዳት የሚወድ ሁሉ «እኔ እኮ ኦሲዲ አለብኝ» እያለ የሚቀልደውም በከፊል ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የታየው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ «ሞንክ» ቀልዱን ሳያባብሰው አልቀረም። ሞንክ የሳን ፍራንሲስኮ መርማሪ ነው። ሰው በጨበጠ ቁጥር ረዳቱ እጁን የሚጠርግበት እርጥብ ሶፍት (ዋይፕስ) ታቀብለዋለች። ተዋናዩ ቶኒ ሻሉብ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ሦስት ጊዜ ተሸልሞበታል፣ ይገባዋልም። ድራማው ግን ሕመሙን የወንጀለኛ መያዣ ተሰጥኦ አስመስሎታል። በ1997 የወጣው «አዝ ጉድ አዝ ኢት ጌትስ» ላይ ደግሞ ጃክ ኒኮልሰን የእግረኛ መንገድ ስንጥቅ የማይረግጥ፣ ምግብ ቤት የራሱን የፕላስቲክ ሹካ ይዞ የሚሄድ ደራሲ ነው። ሰውዬው ተሳዳቢም ነው። ፊልሙ ክፉ አፉን ከሕመሙ ጋር ስላቀላቀለው ተመልካቹ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ማርቲን ስኮርሴዚ በ2004 የሠራው «ዘ አቪዬተር» ግን ይለያል። ታሪኩ የባለሀብቱና የአውሮፕላን አብራሪው የሃዋርድ ሂውዝ ነው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ለዚህ ሚና ሲዘጋጅ ኦሲዲን ያጠኑት የሥነ አእምሮ ሐኪም ጄፍሪ ሽዋርትዝ ረድተውታል። ሂውዝ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የራሱን ሳሙና ከኪሱ ያወጣል። እጁ እስኪደማ ይፈትጋል። በክራንች የሚሄድ ሰው ፎጣ እንዲያቀብለው ሲለምነው «አልችልም» ይለዋል። ለመውጣት ሲል ደግሞ የበሩን እጀታ መንካት ያቅተዋል። ሌላ ሰው ከፍቶ እስኪገባ ቆሞ ይጠብቃል። ገንዘብ ያልቸገረው ሰው በር ማለፍ አቃተው! እዚህ ላይ የሚስቅ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። እውነተኛው ሂውዝም የታሸገ ፍራፍሬ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚከፈት ለሠራተኞቹ ደረጃ በደረጃ በጽሑፍ ያዝዝ ነበር።

ሐሳቡን ራሱን ለማሳየት የደፈሩት ዘግይተው መጡ። በ2019 የእንግሊዙ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቻናል 4 «ፒዩር» የተባለ ተከታታይ ድራማ አቀረበ። ማርኒ የምትባለው ወጣት አትታጠብም፣ አትቆጥርም። የሚያሳፍሩ የወሲብ ምስሎች በግድ ወደ አእምሮዋ እየገቡ ያሰቃዩአታል። በ2024 የወጣው «ተርትልስ ኦል ዘ ዌይ ዳውን» የተባለው ፊልም ደግሞ በድምፅና በድንገተኛ ምስሎች ኦሲዲ ያለባት ዋና ገጸ ባሕርይ ጭንቅላት ውስጥ ያስገባናል። ፊልሙ የተመሠረተበት መጽሐፍ ደራሲ ጆን ግሪን ራሱ ኦሲዲ ያለበት ሰው ነው።

እስክሪን ላይ ብዙም ቦታ ያላገኘው ሕክምናው ነው። መድኃኒት አለ። ሌላው ዋና መንገድ ታማሚው የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ እንዲጋፈጥ ማድረግ ነው፤ እጀታውን ይነካል፣ ከዚያ ሳይታጠብ ይቀመጣል፣ ጭንቀቱም እስኪቀልለት ይታገሣል። እንዲህ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ለፊልም አይመችም፤ ስለዚህ ፈዋሹ አብዛኛውን ጊዜ ፍቅር ይሆናል። ቪክቶር ማየር የተባለ ለንደን ይሠራ የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ የዚህን ሕክምና የመጀመሪያ ውጤቶች ያሳተመው በ1966 ነው። ሂውዝ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበር። የሞተው በ1976 ነው።