ከጣርማ በር ሥር ሐይቅ የለም

ማለዳ ከጣርማ በር ገደል አፋፍ መኪናውን ያቆመ እንግዳ ሁሉ፣ ገና በሩን ሳይዘጋ፣ «ያ ከታች የሚታየው ሐይቅ ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እንግዶችን ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና በማስጎብኘት የምተዳደር ሰው በመሆኔ ለዚህ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ከታች ያለው ጉም ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከአምባው ወደ ሸለቆው ወርዶ ይተኛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም በብርዱ ወደ ጉምነት ተለውጦ፣ ከላይ ለሚያየው ሰው ለጥ ያለ፣ በየተራራው ጥግ የገባ ውኃ ይመስላል።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ በሞንታና ግዛት፣ በግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ፣ ከመንገድ ዳር ሆኖ ያነሳውን የሴንት ሜሪ ሐይቅ ፎቶ አሳየኝና «ጋሼ፣ ይኸው ቁርጥ ራሱ ነው» አለኝ። ያ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሐይቅ የበረዶ ግግር ሸለቆውን ቦርቡሮ ከቀለጠ በኋላ ውኃ የተኛበት ነው። የእኛ ገደል ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ምድር ተሰንጥቃ፣ ምሥራቁ ወገን ወደ ስምጥ ሸለቆው በመስጠሙ የተፈጠረ ነው፤ ሸለቆዎቹንም የቆፈራቸው ጎርፍ ሲሆን፣ ውኃውም ሳይተኛ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ነግሬው ስላላመነኝ ሻይ አዘን ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን «ሐይቁ» መሃሉ ላይ ተበሳ፤ በቀዳዳውም የደብረ ሲና የቆርቆሮ ጣሪያዎች አንድ በአንድ ብልጭ ማለት ጀመሩ። እንግዳዬ ግን የጉሙን ፎቶ «የሸዋ ሐይቅ» ብሎ ለዘመዶቹ ልኮት ነበር። በእርግጥ የበረዶ ዘመን አሻራ ያለበትን ሐይቅ በኢትዮጵያ ማየት የሚሻ ሰው ወደ ባሌ ተራሮች፣ ወደ ሰነቴ አምባ ይሂድ።

የቀሩት የእንግዶች ስህተቶች ያን ያህል አያደክሙም። እዚሁ «የምኒልክ መስኮት» የሚባለው ቦታ ቤት ላይ ያለ መስኮት ሳይሆን የገደል አፋፍ ነው። የጣርማ በርን የመኪና ዋሻ ያስቆፈሩትም ምኒልክ ሳይሆኑ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ናቸው። ጭላዳ ዝንጀሮ ምግቡ ሣር ነው፤ ዳቦ የሚወረውርለት ሰው የሚያስለምደው አስፋልት ላይ መቀመጥን ነው፤ በዚያ አስፋልት ላይ ደግሞ የደሴ ከባድ መኪና ይመላለስበታል።

«ክረምት ነው የሚያምረው» የሚሉም አሉ፤ በሐምሌ የገዛ እግርን ማየት እንኳ ያስቸግራል። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ መምጣት ይሻላል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት መያዝ ያስፈልጋል። ገደሉ ወደ ምሥራቅ የሚያይ በመሆኑ ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣለች፤ ስለዚህ ቆላውን ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ መኪናውንም ከመታጠፊያውና ከዋሻው አፍ አርቆ ያቁም።