ስለ ጫሞ አዞ፣ ስለ ሳነቴ መንገድና ስለ ቀይ ቀበሮ በስህተት የምናምነው

ጫሞ ሐይቅን በጀልባ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ያለውን የሳነቴ አምባ በሞተር አይቼ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ብዙው ጥያቄ ከተሳሳተ ወሬ የሚነሳ ነው። ከመሄዴ በፊት ግማሹን እኔም አምን ነበር።

«አዞ ገበያ አዞ የሚሸጥበት ቦታ ነው።»

አይደለም። የኩልፎ ወንዝ ከጫሞ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ያለ የሐይቅ ዳርቻ ነው። አዞዎቹ እንደ ገበያተኛ ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁበት ነው ስሙ የወጣለት። አርባ ምንጭ ያለው የአዞ እርባታ ሌላ ነው።

«አፉን የከፈተ አዞ ሊበላህ ነው።»

አዞ አያልበውም። ሲሞቀው አፉን ከፍቶ ሙቀቱን ያስወጣል። የሚያሰጋው ውሃ ውስጥ ሆኖ የማይታየው ነው። ስለዚህ እጃችሁን ከጀልባው ውጭ አታንጠልጥሉ።

«ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ ሰው አይነካም።»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ስህተት ነው። ሣር መብላቱ እውነት ነው፤ ማታ ማታ ከውሃ ወጥቶ ይግጣል። ግን ወንዱ ከ1,500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የያዘውን ውሃ አያስደፍርም። ልጅ ያላት እናት ደግሞ ትብሳለች። የሚመጣው ሊበላን ሳይሆን ሊያባርረን ነው፤ ትንሽ ጀልባ ለመገልበጥ ያ ይበቃል። ሲጠልቅ እስከ 5 ደቂቃ ሊቆይ ስለሚችል በየት በኩል ብቅ እንደሚል አታውቁም። ጎበዝ ጀልባ ነጂ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል አይገባም። የእኛ ነጂ ራቅ ብሎ ቆመ። አንዱ ተሳፋሪ «ትንሽ ጠጋ በልልን፣ ፎቶ እናንሳ» ሲለው፣ «እዚህ ይበቃናል ወንድሜ» ብቻ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ አመስግኑት እንጂ አትጨቅጭቁት።

«ሞተር ሳይክል ሳነቴን አይወጣም።»

ይወጣል። ከጎባ ወደ ሪራና ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው የሚያልፈው። እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይታፈናል፣ ጉልበት ያጣል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ማርሽ ቀንሳችሁ ቀስ በሉ፤ ስትወርዱ ጉልበቱ ይመለሳል። እኔን የፈተነኝ ብርዱ ነው። ወፍራም ጓንት ሳትይዙ እንዳትወጡ።

«አንበሳና ዝሆን ካልታየ ምኑን ሳፋሪ ሆነ?» የሚሉኝም አሉ። ቀይ ቀበሮን ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ ዝምድናው ከተኩላ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የቀሩት ወደ 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው።

በግ ጨራሽ ነው መባሉ ያሳዝነኛል። አልፎ አልፎ ግልገል ሊነካ ይችላል። ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ከሚያድናቸው አንዱ ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም አይገኝም። እንዲያውም ስጋቱ በተቃራኒው ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተላልፎ ባሌ ውስጥ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። ስለዚህ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ምግብም አትወርውሩ።

ሞተሬን አጥፍቼ ከመንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። አንዱ ቀበሮ ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን አቁሞ አድፍጧል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዘሎ አፈሩን በሁለት እጁ ይምስ ጀመር። ያመለጠው መሰለኝ፤ ቀና ብሎ መንገዱን በቀስታ ተሻገረ። መኪናም ሞተርም የሚገጫቸው እንዲህ ሲሻገሩ ነው፤ ሳነቴ ላይ ፍጥነት ቀንሱ።