ጉልበት ውስጥ የሚወጋው መርፌ ምን ይሠራል?

ግሩፓችን ላይ ይቺ ጥያቄ ተመላለሰች፦ «መርፌውን ከተወጋሁ ከኦፕራሲዮን (መገጣጠሚያ ከመቀየር) ተረፍኩ ማለት ነው?»

አይደለም። የስቴሮይድ መርፌ ሕመምና እብጠት ያበርዳል እንጂ ያለቀውን ልም አጥንት (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ ትራስ) አይመልስም። ምን ያህል ይይዛል? ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለአንዱ ሳምንታት፣ ለሌላው ጥቂት ወራት። ቶሎ ቶሎ መወጋት ራሱ ልም አጥንቱን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ 3 ወር ያራርቁታል። ስኳር ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ ለጥቂት ቀናት ስኳሩን ከፍ ያደርጋል።

ታዲያ ምን ጥቅም አለው? ፋታ ይሰጣል። ዘንቢል ይዘው ጅማ ያለውን የጅሬን ዳገት መውጣት ያቃታቸው እናት አሉ እንበል። ሕመሙ ጋብ ሲል የጭን ጡንቻቸውን ያጠንክሩበት፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ 5 ሰከንድ ያህል መያዝ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። ውፍረት ካለ ደግሞ 1 ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ገደማ ጫና ያነሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ሕክምና ይሄ ነው፤ መርፌው አጋዥ ነው።

መገጣጠሚያ መቀየር የሚታሰበው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍና መራመድ ሲከለክል ነው። ራጁ ስላስፈራ ብቻ አይደለም።

ጉልበቱ በድንገት አብጦ ከቀላና ትኩሳት ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።